ጋሽ ታምሬ ባለሙያ ያገኙ ዕለት

አንድ ቀን የደሴው ጋሽ ታምሬ የቤታቸው ጣራ አስመረራቸው። ክረምት በገባ ቁጥር ሳፋውን አልጋ ላይ፣ ድስቱን ሶፋ ላይ መደርደር ሆነ ሥራቸው። ጡረታቸው እንደሆነ ከሽንኩርትና ከዘይት አታልፍም። ሰው ቤት እያለው እንዴት ይቸገራል እንዳትሉ፤ ቤት አይበላ ነገር! ልጅ አልወለዱ፣ ጧሪ የላቸው። ያላቸው ያችው ቤትና ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ብቻ ናቸው።

ችግራቸውን ያየ አንድ ጎረቤት፣ «አንተ ሰው፣ ቤት ላይ ተኝተህ ትራባለህ እንዴ? ቤታችሁን ሳትለቁ በየወሩ ገንዘብ የሚሰጣችሁ ድርጅት አለ አሉ። ቤቱን የሚወስደው ስትሞቱ ነው። ብቻ ዝም ብለህ እንዳትፈርም፣ ወጪውን የሚያስረዳህ ባለሙያ ፈልግ» አላቸው።

ፈለጉ። መጀመሪያ የጠየቁት ደላላ «ቤት» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምቶ ሁለት ተከራይ እየነዳ መጣ። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሳይሸጡ ይሸጣሉ ማለት ነው ጋሼ?» ብሎ እሱው ራሱ ተደናግሮ ሄደ። በመጨረሻ ሱራፌል የሚባል፣ ከረባቱን ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ወጣት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣላቸው። ልጁስ ጨዋ ነው። ምላሱ ግን ቅቤ ነው፤ ክፉውንም ደጉንም እኩል አጣፍጦ ነው የሚያወራው።

እትዬ ደብሪቱ ገና ልጁ ወረቀቱን ሲዘረጋ ወደ ባላቸው ጠጋ አሉና፣ «ታምሬ፣ በስተርጅና ከቤታችን አውጥተው ሜዳ ላይ እንዳይጥሉን ፈራሁ» አሉ በሹክሹክታ።

«አንቺ ደግሞ! እስቲ ልጁ ያስረዳን» አሉ ጋሽ ታምሬ። «በል ልጄ፣ ወጪው እንዴት ነው?»

«በጣም ቀላል ነው ጋሼ! የቤት ማስገመቻ አለ፣ የውል ማዘጋጃ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ለእኔም ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ አለች። ግን አንዱንም ከኪስዎ አያወጡም፤ ሁሉም ከቤቱ ዋጋ ላይ ነው የሚቆረጠው።»

«ቆርጣችሁ ቆርጣችሁ በሩን እንኳ ትተዉልናላችሁ?»

«ኧረ ጋሼ! ደግሞ በየወሩ የምትቀበሉት ገንዘብ ብድር ስለሆነ ወለድ አለው። ወለዱ ዋናው ላይ ይደመርና እሱም በተራው ሌላ ወለድ እየወለደ ይሄዳል።»

ጋሽ ታምሬ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሰማሽ ደብሪቱ? እኛ ስንት ዓመት ተስለን ያጣነውን፣ ቤታችን በእርጅናው ሊወልድ ነው!»

እትዬ ደብሪቱ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ልጁም አብሮ ስቆ ቀጠለ።

«ሁለት ነገር ብቻ እንዳይረሱ። ቤቱን ማደስ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ጣራው ቢያፈስና ባታስጠግኑት ውሉ እንደፈረሰ ይቆጠራል። ደግሞ ለሕክምናም ይሁን ለጠበል፣ ከስድስት ወር በላይ ከቤቱ ከራቃችሁ ድርጅቱ ገብቶ ይረከባል።»

ይህን እያለ ከጣራው ጠብ! ውሃው የወረቀቱ መሃል ላይ አረፈ። የእትዬ ደብሪቱ ሳቅ ጠፋ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጋሽ ታምሬም አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩ።

ሱራፌል ውሃውን በእጅጌው ጠረገና እስክሪብቶ አቀበላቸው።

«አይዞዎት፣ ምንም አያስፈራም። በዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ገቢና ወጪውን ለይቶ ማወቅ ነው። ለይተውታል አይደል ጋሼ?»

ጋሽ ታምሬ እስክሪብቶውን ቀስ አድርገው የልጁ ደረት ኪስ ውስጥ ሰኩለትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ጥርት አድርጌ እንጂ፣ የኔ ልጅ! ገቢው አንተ፣ ወጪው እኔ!»