ምሰሶውን የደገፈው ገዥ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ከባሕር ማዶ በግሪኮች አገር አንዲት ደሴት ነበረች። ከኮረብታዋ አናት ላይ የጥንት ሰዎች የሠሩት ቤተ ጣዖት ነበር፤ ጣራው ወድቆ የእብነ በረድ ምሰሶዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ከኮረብታው ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ከምንጩ በታች እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አሸዋ ባሕሩ ዳር ተነጥፏል።

በዚያች ደሴት ስታማታ የምትባል ዓሣ አጥማጅ ትኖር ነበር። ባሏን ባሕር የበላባት፣ ምላሷ ስለት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። የደሴቲቱ ገዥ ላምብሮስ ደግሞ ሆዱ ሰፊ፣ ዓይኑ የማይጠግብ፣ ከሁሉ ከሁሉ ግን ፈሪ ነበር።

አንድ ቀን ላምብሮስ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደና "ይህ አሸዋ የኔ ነው!" አለ። ሰው ዝም አለ።

ወደ ምንጩ ሄደና "ይህም ውሃ የኔ ነው!" አለ። ሰው ዝም አለ።

ወደ ኮረብታው ቀና አለና "ያም ፍርስራሽ የኔ ነው!" አለ። አሁንም ሰው ዝም አለ፤ ወታደሮቹ ዱላ ይዘዋላ!

ከዚያ ወዲያ ጀልባ ወደ አሸዋው መጎተት፣ መረብም ማስጣት ተከለከለ። ጀልባዎቹ ከዓለት ጋር እየተላተሙ ተሰበሩ። ዓሣ ጠፋ። ስታማታ የጎረቤቷ ሕፃን በረሃብ ሲያለቅስ ሰማች። "ቆይ አንተ፣ የኔ ነው ባይ!" አለች።

ከምሰሶዎቹ አንዱ፣ ልጆች፣ ያዘመመ ነበር። ከቅድመ አያቶች ዘመን ጀምሮ እንዳዘመመ አለ፤ ነፋስም የምድር መንቀጥቀጥም አልጣለውም። ይህን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ላምብሮስ ግን ዳገት ስለማይወድ አንድም ቀን ወጥቶ አላየውም።

ስታማታ ፀጉሯን በትና እየሮጠች ደጁ ደረሰች። "ጌታዬ፣ ይድረሱ! ምሰሶዎ ምንጭዎ ላይ ሊወድቅ ነው!"

"ወታደሮቹ ሄደው ይደግፉት!"

"ይደግፉት ነበር፣ ጌታዬ። ግን የደገፈ ሁሉ 'የኔ ነው' ቢልስ?"

ላምብሮስ ደነገጠ። ወታደሮቹን አሸዋው ላይ ትቶ፣ እያለከለከ ዳገቱን ወጣ። ምሰሶውን ቢያየው፣ እውነትም ያዘመመ! ዘሎ በትከሻው ደገፈው።

"እንዳይለቁት! ከለቀቁት አናትዎ ላይ ነው!" አለች ስታማታ። "እኔ ግንበኛ ልጥራ።"

ጥቂት ወርዳ በለስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠችና የወይራ ፍሬ ትበላ ጀመር።

ፀሐይ በረታች። ላምብሮስ ላቡ ተንቆረቆረ። "አንቺ ሴትዮ! ግንበኛው የታለ?"

"ከጀልባው መውረጃ አጥቷል፣ ጌታዬ! አሸዋው የማን ነው?"

"የሁሉም ነው! ይውረድ!"

ወታደሮቹ ሰምተው ገለል አሉ። ከስብራት የተረፉት ጀልባዎች ገቡ።

"ውሃ! ውሃ ጠማኝ!"

"ማን ደፍሮ ይቅዳ? ምንጩ የማን ነው?"

"የሁሉም ነው! ቅዱ!"

ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው መጡ።

"ወገቤ! ወገቤ ተቆረጠ!"

"ምሰሶውስ፣ ጌታዬ?"

"የሁሉም! የሁሉም ነው! ኑ ያዙልኝ!"

ስታማታ ቀስ ብላ ወጣች። "እንግዲያው ይልቀቁት። የሁላችን ከሆነ እኛ እናውቅበታለን።"

ላምብሮስ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀና ዘለለ፤ በሆዱ እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ። ምሰሶው? ንቅንቅ አላለም! ጫፉ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው እንሽላሊት እንኳ አልባነነችም።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ላምብሮስም ቃሉን እንዳያጥፍ አገር ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ "የኔ..." ብሎ አፉን በከፈተ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ አየሩን ይደግፍለታል። እሱም አፉን ይዘጋል።

አያችሁ፣ ልጆች፣ ሁሉን የኔ ያለ ሁሉን ሲሸከም ይኖራል።

ተረቴን በጀልባ ሰደድኋት፣ እናንተም በጆሮ ተቀበሏት።