ገለጻ የተሰጠው እግር

በሉ ጠጋ፣ ጠጋ በሉ። አንተ በር ላይ የተገተርከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርዱን እየጋበዝክብን ነው። ማስነጠስ ያማረው ካለ አሁኑኑ አስነጥሶ ይገላገል። ከዚህ በኋላ ድምፁን የሰማሁት ሰው ካለ ወሬውን ከመሃል እቆርጥና «ከዚያስ?» እያለ ሲገላበጥ ያድራታል። ጸጥ። እንዲያ ነው።

አንድ ቀን የሽንብራ ሜዳ ሽማግሌዎች ለጉብኝት ተጠሩ። የት? እዚያው ሜዳቸው ላይ የተሠራው ትልቁ የምርምር ላቦራቶሪ። ላቦራቶሪ ማለት፣ መቼስ እኔና ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተኳረፍነው፣ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ዓይን የማያየውን ነገር ሲያሳድዱ የሚውሉበት ቤት ነው። ከከተማ ተማሪ በአውቶቡስ እየተጫነ ይመጣል፣ አስጎብኚ ፊት ፊት እየመራ ያዞረዋል፣ አፉን ከፍቶ ገብቶ አፉን ከፍቶ ይወጣል።

የሽንብራ ሜዳን ሰው ግን ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆኖ «እስቲ ጎራ በል» ያለው አልነበረም። ድንገት ሲጠራ ታዲያ ነገር እንዳለ ጠረጠረ። ነገሩ መንገዱ ነው። በላቦራቶሪው አጥር ሥር ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚያሻግር የአህያ መንገድ አለ፤ ላቦራቶሪው «ይዘጋልን» ብሏል። ከተዘጋ በገደሉ መዞር ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የውብዳርን ነው። የውብዳር ባሏ ሞቶባት ሸክላ ሠርታ የምታድር ሴት ናት፤ ያለቻትም አንዲት አሮጌ አህያ ናት። ያቺ አህያ በገደል ከወረደች እንስራው ገበያ የሚደርሰው ገል ሆኖ ነው።

የሽማግሌዎቹ አፍ የባሏ ወንድም አያ ቢያድግልኝ ነበር። አያ ቢያድግልኝ ሙግት ካጣ ከገዛ ጥላው ጋር የሚካሰስ ሰው ነው። ጥሪው ከመጣ ጀምሮ ደስታውን አልቻለውም፤ እህል እንኳ የሚበላው ክርክሩን እያኘከ ነበር።

መንገድ ላይ «ነገሩን ለእኔ ተይው» አላት። «አንቺ ዝም ብለሽ እያዘንሽ ቁሚ። ያዘነች መበለት አጠገቤ ከቆመች ግማሹን ረታሁ ማለት ነው።»

«ማዘኑንስ አዝናለሁ» አለች የውብዳር። «አንተ ብቻ ነገር አታስረዝም፤ እንስራዎቼን ፀሐይ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ሙግት በአጭሩ አያምርም።»

«አንተ ሙግት ካልሸተተህ እንቅልፍም አይወስድህ።»

በሩ ላይ የተቀበላቸው ዶክተር ሱራፌል የሚባል ጎልማሳ ነው። የተማረ ነው፤ መማሩ ደግሞ አንገቱ ላይ ተሰክቶ ዝቅ ብሎ ማየት ከልክሎታል። ገና ሰላምታው ሳያልቅ የአያ ቢያድግልኝን ከዘራ ያዘ።

«አባቴ፣ ከዘራ አይገባም።»

«ያለ ከዘራ የሚናገር ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?»

«እዚህ የምናገረው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ይጎበኛሉ።»

አያ ቢያድግልኝ ይህቺን ዋጣት። አልተፈጨችለትም ግን።

ከዚያ ስለ እግር አረጋገጥ ገለጻ አነበነቡባቸው፣ በየጫማቸው ላይ ላስቲክ አስለበሷቸውና ወደ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቧቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሽባባውም ማኅተማቸውን በኪሳቸው ይዘው አብረው ገቡ። ጉብኝቱ ሲያልቅ «ሽማግሌዎቹ አይተው ተስማምተዋል፣ መንገዱ ይዘጋ» የሚለው ወረቀት ላይ ለመምታት ነው። ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አለ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ዶክተሩ ረጅም ማመልከቻ ዘንጉን አነሣ። «ከዚህ ወለል በታች የምድርን ትርታ የሚያዳምጥ መሣሪያ ተቀብሯል። መስመሯ አሁን እንደምታዩዋት ቀጥ ካለች ሁሉ ሰላም ነው። የቅዳሜውን ደግሞ እዩ።» አንድ ነገር ሲነካ ሌላ ሥዕል መጣ፤ መስመሯ ልክ ጉንዳን ቀሚሷ ውስጥ እንደገባባት ሴት ትዘላለች። «ይህ ምን ይመስላችኋል? የእናንተ አህያ ነው። አህያ በአጥሩ ሥር ባለፈ ቁጥር የእኛ ሥራ ይበላሻል። መንገዱ ይዘጋ ያልነው ለዚህ ነው።» መልሶ ሲነካው የአሁኗ ቀጥ ያለች መስመር ተመለሰች። «ጥያቄ ካለ ጠይቁኝ።»

ይህን ለማንም ጎብኚ ይለዋል። ለተማሪም ለሚኒስትርም ብሎታል፤ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። ለአያ ቢያድግልኝ ግን «ጠይቁኝ» ማለት «ግጠመኝ» ማለት ነው። ጋቢውን አደግድጎ ወደ መሃል ወጣ። ከዘራ የለው፣ ዘንጉን ከዶክተሩ እጅ ቀስ አድርጎ ተቀበለና ወለሉ ላይ ተከለው።

«ተጠየቅ» አለ።

«እሺ፣ ይጠይቁ» አለ ዶክተሩ ዘንጉን በዓይኑ እየተከተለ።

«ሰምተዋል አቶ ሽባባው፤ እጠየቃለሁ ብሏል። ዳኛ ይሁኑን።»

አቶ ሽባባው ዳኛ መባሉ ደስ አላቸውና እዚያ ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ የሚሽከረከር ኖሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረባቸው። እንደዚያው ሆነው «ቀጥል» አሉ።

«አህያችን ጥፋተኛ ናት ብሎ የመሰከረው ማነው?»

«መሣሪያው ነዋ።»

«ምስክሩ የሚያድረው ማን ቤት ነው?»

«እዚሁ፣ እኛ ጋ።»

«የሚበላውስ?»

«ኤሌክትሪክ።»

«የማን?»

«የእኛ» አለ ዶክተሩ።

አያ ቢያድግልኝ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ፂሙን አሻሸ። «በከሳሹ ቤት የሚያድር፣ የከሳሹን እንጀራ የሚበላ ምስክር ይነሣልኝ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ደስ ብሏቸው ነው። ዶክተሩ ግን ሳቅ አለ። «አባቴ፣ መሣሪያ ዘመድ የለውም። ቤተሰብ አያውቅም። ለእኔ ብሎ አይዋሽም።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ሽባባው ከግድግዳው በኩል። «ምስክሩ አይነሣም።»

አያ ቢያድግልኝ ሌላ ነገር ፈለገ፣ አገኘም። «መልካም። አህያ ከአጥር ወዲያ ስትረግጥ ይህን ያህል ከዘለለ፣ ያ ሁሉ ተማሪ በአውቶቡስ መጥቶ እላዩ ላይ ሲቆምበት እንዴት ዝም ይላል? እኛስ አሁን የቆምነው የት ነው?»

የውብዳር «አሁን ገና ተናገርክ» አለች በለሆሳስ።

ዶክተሩ ግን ይህንንም አልፈራትም። «ጎብኚ ሌላ ነው» አለ። «ጎብኚ ላስቲክ ይለብሳል። በሩ ላይ ገለጻ ይሰጠዋል፤ ቀስ ብለህ እርገጥ፣ አትሩጥ፣ አትገፋፋ ይባላል። ሰው የተነገረውን ያስተውላል። ገለጻ የተሰጠው እግር አይረብሽም፤ ሳይንሱ እንዲህ ነው።»

አቶ ሽባባው በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ወንበሩን አዞሩና «በቂ መልስ ነው» አሉ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

አያ ቢያድግልኝ አፉን ከፈተ። ስለ አያቱ መንገድ የሚል አንድ ቁና ነገር ነበረው፤ ስለ ገለጻ የሚል ግን አንድ ፍሬ አልነበረውም። ዘንጉን ለዶክተሩ መለሰለት። አቶ ሽባባው ማኅተሙን አውጥተው እፍ አሉበት።

የውብዳር ያኔ ጎንበስ ብላ ከጫማዋ ላይ ላስቲኩን አወለቀች። ለዶክተሩ ዘረጋችለት።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ ከሆነማ ምን ያጨቃጭቀናል? ቅዳሜ በጠዋት አህያዬን በሩ ላይ አመጣልሃለሁ። ይችን ለአራት እግሯ አልብስልኝ፣ ገለጻህን ስጣትና ትለፍ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁን በጋቢያቸው አፈኑት። የአቶ ሽባባው ማኅተም አየር ላይ ቀረች። ዶክተር ሱራፌልም ለሕፃን እንደሚያዝን ሰው ፈገግ አለና እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

«እናቴ፣ አህያ እኮ ገለጻ አይገባትም።»

«ለእኔስ መቼ ገባኝ?» አለችው። «ይኸው ላስቲክህንም አውልቄ ቆሜበታለሁ፤ መስመርህ ግን ዝም ብሏል።»