ጅግራና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ።

ጅግራ ጫጩቷ ቢበላባት እያለቀሰች ንጉሥ አንበሳ ዘንድ ሄደች።

«ጃንሆይ፣ ልጄን በሉብኝ!»

«እኔ በሕግ የታጠርኩ ንጉሥ ነኝ፤ ፍርድ ውስጥ አልገባም። ዳኛው ዘንድ ሂጂ» አላት።

ዳኛው ዔሊም ቀስ ብሎ፣ «አይ እህቴ! እኔ የምፈርደው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሲከስ ነው» አላት።

የዐቃቤ ሕጉን በር ብታንኳኳ፣ ሹሙ ሸለምጥማጥ ከጢሙ ላይ ላባ እየጠረገ ወጣ። ጅግራ ክው አለች።

«አይዞሽ እናቴ፣ በዳዩን እኔው እከሳለሁ። ብቻ ለምስክር የቀሩትን ልጆችሽን ነገ ይዘሽልኝ ነይ» አላት።

«እሺ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሳች።

በማግስቱ ችሎቱ ቢሰየም አቤት ባይዋ የለችም። «እንግዲህ አገር ሰላም ነው» ተባለ።

ጅግራ ግን ጫጩቶቿን ሸለምጥማጥ በማይደርስበት እሾሃማ ግራር ጫፍ ላይ መስፈር ስታስተምር ዋለች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ለጫጩቶቹ ቁረሱ።