ቤታቸው እየጨሰ እሳት የሚጭሩ ሰዎች

ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" ብቻ አትበሉኝ። "ጆሯችን አንተ ጋ ነው" በሉኝ። እንዲያ ነው! የሚያንቀላፋ ካለ ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ።

በድሮ ጊዜ አያልቅበት የሚባል ሰው ነበረ። በልጅነቱ ከተማ ገባና አሥራ ሁለት ዓመት ግንበኛ ሆኖ ኖረ። እዚያ በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ስም አያውቅም። አባቱ ሲሞት እርጉዝ ሚስቱን ስንዱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። "ከእንግዲህ ኑሮዬም ሞቴም እዚህ ነው" አለ።

የአባቱ ጎጆ አርጅታ ታፈሳለች። ስንዱ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ክረምቱም መጣሁ መጣሁ እያለ ነው። ስለዚህ አያልቅበት አዲስ ቤት መሥራት ጀመረ።

ሰኞ ማለዳ ጎረቤቱ እትዬ ደብሪቱ ፍም መውሰጃ ገል ይዛ መጣች።

"እንደምን አደራችሁ? እሳት ልጭር መጣሁ።"

አያልቅበት ቀና ቢል፣ ከእሷ ቤት ጭስ ይትጎለጎላል።

"እትዬ፣ ቤትሽ እየጨሰ የምን እሳት ነው?"

"እውነትክን ነው" አለችና ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች።

ማክሰኞ አያ ጓንጉል መጣ። "አያልቅበት፣ መጥረቢያ አውሰኝ።"

"አያ ጓንጉል፣ ትከሻህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"እውነትክን ነው" ብሎ መጥረቢያውን እንደተሸከመ ሄደ።

ረቡዕ ደግሞ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጥጋቡ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ። "ልጄ፣ ቁንጥር ጨው ስጠኝ።"

"አባ፣ ብብትዎ ውስጥ አሞሌ ጨው ይዘው?"

"እውነትክን ነው፤ ዓይንህ ብልጥ ነው" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አያልቅበት በሳቅ ፈረሰ። "ስንዱ፣ እነዚህ ሰዎች አብደዋል!" አላት። እናንተም ስቃችኋል፤ አይቻችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ደጁን የረገጠ ሰው አልነበረም።

ግድግዳው አለቀ። በዚያ አገር ጣራ መሬት ላይ ይዋቀርና መንደሩ ተሰብስቦ፣ "ሆ!" ብሎ አንስቶ ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል። አያልቅበት ጠላ አስጠመቀ፣ በግ አረደ፣ ደቦ ጠራ። ቀኑ ደረሰ። አንድ ሰው አልመጣም! በየቤቱ እየዞረ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "አንተ ምን ጎድሎህ ብለን?"

ተናደደ። በሬዎቹን ጠምዶ ጣራውን በገመድ ጎተተ። አንዱ ጎን ተነሳ፣ ሌላው ጎን ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሰማዩ አጉረመረመ። አያልቅበት ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

"ስንዱ፣ አንድ ነገር ገርሞኛል። ሰው ያለውን ነገር ለምን ይለምናል?"

"እኔንም ገርሞኛል" አለች። "አንተ ግን ሳቅክ እንጂ አልጠየቅክም። ቆይ እስቲ።"

እሳቷን እንዳነደደች ትታ፣ ገል አንስታ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሄደች። "እሳት ልጭር መጣሁ" አለች። እትዬ ደብሪቱ የእነስንዱን ጭስ አየች፤ የስንዱን ፊት አየች። ከት ብላ ሳቀች። "ግቢ እንጂ! ምን ደጅ ያስቆምሻል?"

እሳት ልትጭር የሄደች ሴት ቶሎ ትመለሳለች ይባላል። ስንዱ የተመለሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

"እሳቱን ፈልገው አይደለም" አለችው። "አዲስ ገቢ ሰው ሲቸግረው ለመለመን ያፍራል። እንዳናፍር ብለው ቀድመው እነሱ ለመኑን። አንተ ደግሞ ሦስቴ መለስካቸው።"

አያልቅበት አፈረ። ተነስቶ ወደ አባ ጥጋቡ ሄደ።

"አባ፣ ቁንጥር ጨው ይስጡኝ።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩት። "ቤትህ ጨው የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ?"

"ጨውስ አለ። ሰው ነው ያጣሁት፣ አባ።"

አባ ጥጋቡ ጨው አልሰጡትም። ቀንደ መለከታቸውን አወረዱና ነፉ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አያ ጓንጉል የተሰበረውን ጠርቦ ጠገነ፤ ሌላው "ሆ!" ብሎ አነሳ። ጣራው ግድግዳው ላይ ቁጭ ሲል ዝናቡ ወረደ። ማንም ወደ ቤቱ አልሮጠም። ሁሉም እየተገፋፋ አዲሱ ቤት ገባ፤ ቤቱ በሰው ሞላ። አያልቅበት መቆሚያ አጥቶ ደጅ ላይ በዝናብ በሰበሰ። ጥርሱ ግን አልተከደነም። ስንዱም በሳምንቱ እዚያው ቤት ውስጥ ወለደች፤ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ።

ልጆቼ፣ ብልጥ ዓይን ጭሱን ያያል፣ ልብ ግን ሰውየውን ያያል። ለዚህ ነው አባቶቻችን "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ያሉት።

ተረቴን እኔ ጨረስኩ፤ እናንተ ለምትወልዷቸው መልሱልኝ።