ሣር የተወተፈባት ቃጭል

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሚያዛጋው ይራቅ። አውጋን በሉኝ! አወጋችኋለሁ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳው ሁሉ ሲናገር፣ ዕቃውም ሲጠይቁት ሲመልስ፣ በአንድ ገደል ላይ ጠባብ የእንጨት ድልድይ ነበረ። የድልድዩ ዘብ ጉሬዛ ነበር። ከጥቁሩ ላይ ነጩን ደርቦ፣ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ያፏጫል። ሲያፏጭ ሁሉም ይቆማል። ዝም ሲል ሁሉም ያልፋል። ፉጨቱን የጣሰ ቃጭሉ ከአንገቱ ይፈታበታል። ቃጭል የሌለው ደግሞ ድልድዩን አይሻገርም።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ያለ ቃጭሉ ይመለስለታል። ነገር ግን ጆሮው ይበጣል። ጆሮው የተበጣ ዕድሜውን ሙሉ የሚሻገረው ከሁሉም ኋላ ነው።

አንድ ጉም የበዛበት ጧት፣ አህያ ውርንጭላዋን ለእህቷ ትታ ወደ ገበያ ወጣች። ከድልድዩ አፍ ላይ የሚዳቋ ቤት አለ። ሚዳቋ ልጇ ሞቶባት ለቅሶ ተቀምጣለች። በዚያ አገር በለቅሶ ቤት ደጅ እያቃጨሉ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ አህያ ቃጭሏ ውስጥ ሣር ወተፈች። ቀስ ብላ አለፈች፣ ቀስ ብላ ተሻገረች።

ከተሻገረች በኋላ ጉሬዛ አፏጨ። ወዲያው አንድ ቃጭል በጉሙ ውስጥ እየጮኸ ፉጨቱን ጥሶ ድልድዩን አለፈ። ጉሬዛ ከዛፉ ዘሎ ወረደ። ከፊቱ ያገኘው አህያን ነበር።

«አንቺ! ፉጨቴን ጣስሽ!»

«እኔ? ያለፍኩት እኮ ሳታፏጭ ነው፣ አያ ጉሬዛ።»

«ቃጭል ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ተሳስቶ አያውቅም።»

«የሌላ ነው የሰማኸው። የእኔማ ሣር ተወትፎባታል። እያት!»

ጉሬዛ አላየም። ቃጭሏን ፈትቶ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላት። «አንቺ ቃጭል፣ አቃጭለሻል አላቃጨልሽም?» አላት። ቃጭሏ ዝም አለች።

«ይኸው! ዝም ማለቷ ማመኗ ነው» አለ ጉሬዛ።

«አፏ ተወትፎ እንዴት ትናገር? አውርድና እያት!»

«የተሰቀለ ቃጭል ያለ ይቅርታ አይወርድም። ሥርዓት ነው።»

አህያ ወደ ሽማግሌው ዝንጀሮ ሄደች። ነገሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ዝንጀሮም ከሩቅ አንጋጦ፣ «አንቺ ቃጭል፣ አቃጭለሻል?» አለ። ቃጭሏ ዝም አለች።

«ልጄ፣ ምን አደከመሽ?» አለ ዝንጀሮ። «‹አጥፍቻለሁ› በይና ወደ ልጅሽ ሂጂ። እኔም ብያለሁ።» የተበጣ ጆሮውን አሳያት።

«አጥፍተህ ነበር?»

«አላጠፋሁም። ግን ተገላገልኩ።»

«አሁንም ከሁሉም ኋላ ነው የምትሻገረው?»

ዝንጀሮ ፊቱን አዞረ።

ከማዶ ውርንጭላዋ ጮኸ። እህቷም ተጣራች፦ «ኧረ ይቅርታ በይና ነይ! ልጁ እያለቀሰ ነው!»

የአህያ ልብ ተከፈለ። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። «ሣሩ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆን እንዴ? ሳላውቀው አቃጭዬስ ቢሆን?» ከድልድዩ ጀምራ እስከ ዛፉ ድረስ መሬት መሬቱን እያየች ሄደች። የወደቀ ሣር አላገኘችም። ቢሆንም ነፋስ ወስዶት እንደሆነ ማን ያውቃል? ቀና ብላ ቃጭሏን አየች። ቅርንጫፉን በዓይኗ ለካች። ከዚያም ወደ ዳኛው፣ ወደ ዝሆን ሄደች።

ዳኛው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። እንስሳቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። ዳኛውም፣ «አንቺ ቃጭል፣ አቃጭለሻል?» አሉ። ቃጭሏ ዝም አለች።

«እንግዲህ ይቅርታ በያ» አሉ ዳኛው።

«አልልም፣ ጌታዬ። ያጠፋሁ ዕለት እላለሁ። ዛሬ አላጠፋሁም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «አቤት ድፍረት! አህያ ከዳኛ ጋር!»

«ቃጭሏን አውርዳችሁ እዩ ብትባሉ አይወርድም አላችሁ» አለች አህያ። «እሺ፣ አትውረድ። እዚያው ተሰቅላ ትታይ። ዳኛው ኩምቢ አላቸው አይደል?»

ዳኛው ኩምቢያቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ወደ ቃጭሏ አፍ አስገቡ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች።

ኩምቢው ሲመለስ አንድ ጭብጥ ሣር ይዞ ተመለሰ።

«እትሽ!» አለች ቃጭሏ። «አፌ ተወትፎ እያለ ‹ለምን ዝም አለች› ትላላችሁ? ኧረ እናንተዬ!»

«ታዲያ የማንን ነው የሰማሁት?» አለ ጉሬዛ።

ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዲት ቃጭል አልተነቃነቀችም። ከኋላ ብቻ፣ ቅጭል፣ ቅጭል። በቅሎ ቀስ ብላ ልትሾልክ ነበር። ጧት በለቅሶ ቤት ደጅ እያቃጨለች ጋልባ ፉጨቱን የጣሰችውም እሷ ነበረች።

ጉሬዛ የአህያን ቃጭል አውርዶ ወረወረላት። «በይ ውሰጂና ሂጂ።»

«አልወስድም» አለች አህያ። «ሁሉ እያየ ፈታኻት፣ ሁሉ እያየ እሰራት።»

«እሰርላት» አሉ ዳኛው። ጉሬዛ ጎንበስ ብሎ አሰረላት።

ይህን ጊዜ ዝንጀሮ ጆሮውን እየዳበሰ ብድግ አለ። «ጌታዬ ዳኛ፣ የእኔም ነገር እንደገና ይታይልኝ።»

አህያ ሣሩን ከመሬት አነሳችና ወደ ድልድዩ ሄደች።

«ምነው፣ ደግሞ ልትወትፊኝ ነው?» አለች ቃጭሏ።

«ሚዳቋ ገና ለቅሶ ላይ ናት» አለች አህያ። ሣሩን መልሳ ወተፈች። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከሁሉም ፊት ተሻገረች።

ተረቴ እዚህ ላይ ውኃ ጠጥቶ ተኛ። እናንተ ግን አትርሱ፦ ያላጠፋችሁትን አጠፋሁ ብላችሁ አትገላገሉ፤ ጆሯችሁ ላይ ይቀራል።