የትርፌ ባላ

ተረት ልናገር ነው፤ ግድግዳ የተደገፋችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተነሱ።

ወይዘሮ ትርፌ የምትፈልገው አንድ ባላ ብቻ ነበር፤ የዘመመ የጭቃ ግድግዳዋን ደግፎ የሚያቆም እንጨት። ከግድግዳው ሥር አልጋ የያዙ እናቷ ተኝተዋል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ወዴትም ቢገፉት ከግድግዳው አያመልጥም። ክረምቱም ገብቷል።

"ትርፌ፣ ዛሬም አፈር ወረደብኝ" አሉ እናቷ። ትርፌ ፈራች።

ወደ አናጺው ሮጠች። "የፍርድ ቤት እግድ ያለበትን ግድግዳ ያለ ቀበሌ ፈቃድ? ልታሳስሪኝ ነው እንዴ እትዬ!" አላት።

ወደ ቀበሌው ሮጠች። "ዳኛው እግዱን ያንሳ" አሏት። አናጺው ባላ አያቆም፣ ቀበሌው ፈቃድ አይጽፍ፤ ግድግዳው ይዘማል።

ወደ ዳኛው ሮጠች። ግድግዳው ያረፈበት አንድ ክንድ መሬት የማን እንደሆነ ከጎረቤቷ ከአቶ ድልነሳው ጋር ዘጠኝ ዓመት ተካስሰዋል፤ እስኪፈረድ ማንም እንዳይነካው ታግዷል። "ቀያሽ ሳይለካው አላነሳም" አለ ዳኛው። አናጺው ባላ አያቆም፣ ቀበሌው ፈቃድ አይጽፍ፣ ዳኛው እግድ አያነሳ፤ ግድግዳው ይዘማል።

ቀያሹም "ሁለታችሁም ድንበሩ ላይ ካልቆማችሁ ሜትሬን አልዘረጋም" አለ። ድልነሳው ደግሞ፣ የገዛ ማድ ቤቱ ከግድግዳው ማዶ እያለ፣ "ያቺን ክንድ መሬት ሳትለቂ አልቆምም!" ብሎ በሩን ዘጋ። አናጺው ባላ አያቆም፣ ቀበሌው ፈቃድ አይጽፍ፣ ዳኛው እግድ አያነሳ፣ ቀያሹ ድንበር አይለካ፣ ድልነሳው ድንበር አይቆም፤ ግድግዳው ይዘማል።

በመጨረሻ ሽማግሌው አያ ፈንታሁን ዘንድ ሄደች። "አንቺና ድልነሳው ዛፍ ሥር ሦስት ጊዜ ተቀምጣችሁ ሳትታረቁ ተነሳችሁ" አሉ። "አሁን ከግድግዳው ሥር ነው የምንቀመጠው።"

ድልነሳው በፈሪነት እንዳይታማ መጣ። ከእናቷ አልጋ አጠገብ ሦስት በርጩማ ቀረበ። ዝናቡ ጀመረ።

"በይ ንገሪኝ ልጄ" አሉ ሽማግሌው።

"አናጺው ባላ አያቆም፣ ቀበሌው ፈቃድ አይጽፍ፣ ዳኛው እግድ አያነሳ፣ ቀያሹ ድንበር አይለካ፣ ድልነሳው ድንበር አይቆም..."

"ቀጥዪ።"

"አለቀ እኮ አያ ፈንታሁን።"

"አላለቀም። አንቺስ?"

አፈር ቡን ብሎ በሦስቱም አንገት ላይ ወረደ። "ትርፌ... ክንድ መሬት አትለቅ" አለች።

"ክንድ ስንት ስንዝር ነው?"

"ሁለት" አሉ ባላንጣዎቹ እኩል።

ግድግዳው ቋ አለ። ድልነሳው ከበርጩማው ተስፈንጥሮ "አንዱን ስንዝር ለቀቅሁ!" አለ። ትርፌ እናቷን አየች። የአባቷ መሬት ነው፤ ያማል። "እኔም አንዱን ስንዝር ለቀቅሁ" አለች እያለቀሰች።

ያኔማ ምን ያቆመዋል? ትርፌ ስንዝር ለቀቀች፣ ድልነሳው ድንበር ቆመ፣ ቀያሹ ድንበር ለካ፣ ዳኛው እርቁን መዝግቦ እግድ አነሳ፣ ቀበሌው ፈቃድ ጻፈ፣ አናጺው ባላ አቆመ።

"ማን ረታ?" አሉ እናቷ።

"ማንም አልረታም እማዬ።"

"እሰይ። እንግዲያ ብርድ ልብሴን አራግፊልኝና ልተኛ።"

አራገፈችላቸው፤ ዝናቡ እየጣለም አፈር አልወረደም። ተረቴ ይኸው ነው፤ አሁን ግድግዳውን መደገፍ ትችላላችሁ።