ክዳን ያጣው የግራዝማች ጉድጓድ

ይህን የሰማሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ እኔም እዚያው ነበርኩ ይላሉ፤ ዕድሜያቸው ግን አይፈቅድላቸውም። እንግዲህ ውሸት ከተገኘበት የእሳቸው ነው።

ድሮ ይፋት ውስጥ አያ ቢሻው የሚባሉ ነገር አዋቂ ነበሩ። ሀብት የለ፣ ጉልበት የለ፤ ምላስ ብቻ። የዚያው አገር ባለርስት ግራዝማች ወልደየስ ለልጃቸው ሠርግ ጠላ የሚሆን ማሽላ ከጉድጓድ ያስወጡና ሳያስከድኑት ይሄዳሉ። ጉድጓዱ ያለው ደግሞ ሰውም ከብትም ወደ ወንዝ በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። የእማማ ውድነሽ በሬ ገባበትና አንገቱ ተሰበረ። ሴትዮዋ ባላቸው ሞቷል፤ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ የሚያርሱበት በሬ ያ አንዱ ብቻ ነበር። ዝናቡ ደርሷል፣ መሬታቸው ጦም ሊያድር ነው። እያለቀሱ አያ ቢሻውን ጠበቃ ይቁሙልኝ አሉ።

ዳኛው የግራዝማች አበልጅ ናቸው። ምን ይደረግ፣ ሌላ ዳኛ የለም።

ግራዝማች ኮራ ብለው ተነሡና፣ ጉድጓዱን ያወረሱኝ አባቴ ናቸው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዶሮ እንኳ ገብታበት አታውቅም አሉ። አያ ቢሻው እጅ ነሥተው፦

«ክዳኑንም አብረው አውርሰውዎት ነበር።»

ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛው አልሳቁም። ግራዝማች ነገሩን አዞሩት። በሬው ሁለት ዓይን አለው፣ አይቶ መሄድ የራሱ ፋንታ ነው አሉ። ዳኛውም እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ቢሻው ግን፦

«ከእርስዎና ከበሬው ማስተዋል የሚጠበቀው ከበሬው ከሆነማ፣ ግራዝማችነቱም ለእሱ ይገባው ነበር።»

ይሄኔ ግራዝማች በገኑ። እኔ ክፋት አስቤ አይደለም፣ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ከእግዜር ጋር ማን ይሟገታል አሉ።

«እግዜር ለጠላ ማሽላ ሲያወጣ ያየ ምስክር ካለዎት ያቅርቡ።»

ዳኛው አበልጅነት ይዟቸው መፍረድ አቃታቸው። ቦታውን ልየው ብለው ቀጠሩ። እማማ ውድነሽ ግን ነገሩ ሲጓተት የእርሻው ወር ሊያልፍባቸው ነው።

በማግስቱ ሁሉም ወረደ። በአገሩ ደንብ ዳኛ ይቀድማል፣ ማንም ፊቱ አይሄድም። ጉድጓዱ እስካሁንም አልተከደነም፣ ነፋስ ያመጣው ሣርና ቅጠል አፉን ሸፍኖታል። ዳኛው ካባቸውን እየጎተቱ ሄደው አንድ እርምጃ ሲቀራቸው፣ ግራዝማች «ጌታዬ፣ ጉድጓድ!» ብለው ጮኹና የዳኛውን ካባ ጨምድደው ያዙ።

ዳኛው ቁልቁል አዩ። አንድ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈጉ። አበልጅነቱ እዚያው ቀረ፤ ሳይቀመጡ፣ ከግራዝማች በሬዎች ምርጡ ዛሬውኑ ለውድነሽ ይሰጥ ብለው ፈረዱ። እማማ ውድነሽ መሬት ሳሙ።

ግራዝማች አንጀታቸው እያረረ ወደ አያ ቢሻው ዞሩ። ዳኛውን ከሞት ያተረፍኩ እኔ፣ የተፈረደብኝም እኔ፣ ይህ ምን ዓይነት ግፍ ነው አሏቸው። አያ ቢሻውም፦

«ለበሬውም እንዲሁ ጮኸውለት ቢሆን፣ ዳኛውን ማትረፍ ባላስፈለገዎት።»